የሕብስት በረኛ

የጮራ ጄኔቫ እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ለሃያ አምስተኛ ዓመቱ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ስለ ሕብስት ግማሽ ገጽ እንድጽፍ ጠይቆኛል። «ለቡድኑ ያበረከተችውን አስተዋጽኦ ባጭሩ፣ ደስ በሚል መንገድ» ይላል መልእክቱ። ፎቶዋን ራሳቸው ይፈልጋሉ። እሁድ ጋሻ ይሰጧታል፣ አበባ ያስታቅፏታል፣ ያጨበጭባሉ። ደስ በሚል መንገድ! ከስምንት ዓመት በፊት የማልያውን ቁምሳጥን ቁልፍ ከእጇ የነጠቋት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሳነበው ደሜ ፈላ። ቢሆንም እሺ አልኩ፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ። ግማሽ ገጽ ግን አይበቃኝም።

ሕብስት በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ለፋብሪካው የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድንም በረኛ ነበረች። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ታጥፋ የቀረችው በዚያ ዘመን ነው። ጄኔቫ የመጣችው የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ሆና ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ እሷ ቀረች፤ ከዚያም ሃያ ምናምን ዓመት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራች። ከጄኔቫ ዳር ባለችው ቬርኒየ ውስጥ፣ ሊኞን በሚባለው መጨረሻው በማይታይ ሕንፃ አሥረኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አላገባችም። ለምን ሲሏት «ቀን የሰው አንሶላ ሳጥብ ውዬ ማታ ደግሞ የወንድ ካልሲ?» ትላለች። ይህን የምትለው ሴትዮ የአሥራ ስምንት ወንዶች ካልሲ በየሳምንቱ ታጥብ ነበር፣ የቡድኑን። ማንም አላዘዛትም። አንድ ጊዜ በጭቃ የተለወሰ ማልያ አይታ ተናደደች፣ ከዚያ ቁልፉ እሷ ጋ ቀረ።

ጨዋታ ስታይ ከጎል ጀርባ ነው የምትቆመው። ሌላው ሕዝብ አጥቂ አጥቂ ሲል እሷ ዓይኗ በረኛው ላይ ነው። «እግርህን! እግርህን አንቀሳቅስ! እጅማ ሁሉም አለው!» እያለች ትጮኻለች። የበረኛ ነገር ከእሷ በላይ የሚገባው ሰው በቡድናችን አልነበረም፤ ኮሚቴው ግን አይሰማትም ነበር።

በአውሮፓ ያሉ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች በየዓመቱ በሐምሌ ተሰባስበው ይጋጠማሉ። ጨዋታው በሐምሌ ይሁን እንጂ ጦርነቱ በጥር ነው፣ ማንን እናስፈርም የሚለው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሚሊዮን የሚባለው ጓደኛችን ሱቅ ውስጥ፣ በበርበሬና በሽሮ ከረጢት መካከል ቆመን እንከራከር ነበር። የቡድኑ ሊቀ መንበር አስፋ አንድ ስልት ብቻ ነው ያለው፦ ስም። ስም ያለው ሰው ከየትም ይምጣ። አንድ ዓመት ከሽቱትጋርት ያስፈረመው በረኛ ሰኞ ሥራ ስላለብኝ አልወድቅም ብሎ እንደ ቆመ ሦስት ጎል ገባበት። በቀጣዩ ዓመት የፍራንክፈርቱ መጣ። አስፋ ፎቶውን ለሁሉም ሲያሳይ ከረመ፤ ልጁ በአየር ላይ ተዘርግቶ ኳስ ሲይዝ ይታያል። ፎቶው የተነሣው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት መሆኑን ያወቅነው ሰውየው ከባቡር ሲወርድ ነው። ሆዱ ቀድሞት ወረደ።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምህረት ጥር ላይ አስፋ ያንኑ ሰው በድጋሚ ላስፈርም ሲል ሕብስት የሽሮውን ከረጢት በጥፊ መታችው።

«ሰው ከስህተቱ ይማራል እንጂ ስህተቱን በድጋሚ ያስፈርማል?»

«ልምድ አለው፣» አለ አስፋ።

«የመብላት ልምድ ነው ያለው!»

«ወይዘሮ ሕብስት፣ ይሄ የኮሚቴ ጉዳይ ነው። በረኛ እኮ የመጨረሻው ነገር ነው። አጥቂ ካለን አምስት እናገባለን።»

«ስድስት ሲገባብህስ? ቤት ሠርተህ በሩን ከፍተህ ትተኛለህ?»

ሚሊዮን ሁለት አስፈርመን እናፎካክራቸው አለ፤ ሌላው አንድም አያስፈልገንም አለ። የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፣ ይልማ እባላለሁ፤ በጄኔቫው የኮንትራን አውሮፕላን ማረፊያ የሻንጣ ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በልቤ ከሕብስት ጋር ነበርኩ፣ በአፌ ግን ዝም አልኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ዝምታዬ ልማድ ነው።

በዚያው ሰሞን ሕብስት ቪዲኮን የምትኖረውን ጓደኛዋን ራሄልን ልትጠይቅ ዙሪክ ሄዳ ሙጃሂድን አገኘችው። በሳምንቱ እኔንም ይዛኝ ሄደች። አፎልተርን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ውስጥ፣ ከትልልቆቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች ጀርባ ባለ ሜዳ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሙጃሂድ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፤ ቪዲኮን አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከስዊሶች ጋር ነበር የሚጫወተው። ኳሷ ከመምጣቷ በፊት እግሩ ቦታው ላይ ደርሷል። ሕብስት በጎል ጀርባ ቆማ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እንዲህ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ጓንቱን አስወልቃ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች።

«የአበሻ ቡድን ለምን አልጠራህም?» አለችው።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ ሕብስት። የሚያውቀኝ ሰው የለም። እነዚህ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ግን ስሜን እንኳን ሙጂ ነው የሚሉት። ጎል ላይ ቆሜ በአማርኛ በርታ የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ፣ በቃ።»

«በሐምሌ የጮራን ቁጥር አንድ ማልያ ትለብሳለህ። እኔ ነኝ የማጥበው፣ እኔ ነኝ የምሰጥህ። ቃሌ ነው።»

ልጁ ፈገግ ሲል ዕድሜው አሥር ዓመት ቀነሰ። ለሙከራ ቬርኒየ መጥቶ በረዶ ላይ ሲጫወት አስፋ እንኳ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የፊርማው ቀን በየካቲት መጨረሻ እንዲሆን ተቆረጠ።

ያን ዘመን ላልደረሰበት ልንገር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሰው ከሰው ተለያይቷል። በአንድ ማዕድ የበላን ሰዎች ሰላምታ አቁመናል። ሌላ ምርጫ ደግሞ እየመጣ ነበር። ቆንስላው በር ላይ የታየ ሰው ስሙ አለቀ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሄደ ጠያቂ የለም። በተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ፊት ባለው አደባባይ፣ እግሩ በተሰበረው ትልቅ ወንበር ሥር ሰልፍ ስንወጣ ሜጋፎኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ድምፄ ወፍራም ነው። «ቆንስላውን የረገጠ ከእኛ አይደለም!» ብዬ ያስጮኽኩት እኔ ነኝ።

በጥር መጨረሻ እናቴ ጠናባት ተብሎ ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። የስዊስ ፓስፖርት ነው ያለኝ፣ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገኛል፣ ቪዛው ያለው ቆንስላው ውስጥ ነው። ዓርብ ጠዋት ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ሄድኩ። የእሁድ አውሮፕላን ይዣለሁ። በር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ፦ ሃያ አንድ። መስኮቱ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፣ ያን ቀን ከአሥራ አምስት ሰው በላይ አናስተናግድም ብለዋል። አንገቴን ደፍቼ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ ይልማ፣» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሙጃሂድ ነው። ድንጋጤዬን አይቶ ራሱ ስለ ራሱ አስረዳኝ። «አውስቫይሴን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ከኤፍ ወደ ቤ ልቀይር ነው። ስድስት ዓመት ሞላኝ። የዙሪኩ ቢሮ መጀመሪያ የአገርህን ፓስፖርት አምጣ አለኝ። እርስዎስ በደኅና ነው?»

«እናቴ ታማ፣» አልኩት። ሃያ አንድ ቁጥሬን አሳየሁት።

የእኔን ወረቀት ከእጄ ወስዶ የራሱን አስጨበጠኝ። አሥራ ሦስት። «እርስዎ ይቅደሙ። እኔ ሌላ ቀን እመጣለሁ።» ሌሊት ተነሥቶ በመጀመሪያው ባቡር ከዙሪክ የመጣ፣ ከሥራ በልመና የቀረ ሰው ነው ይህን የሚለው። እኔ ደግሞ ተቀበልኩት። በአሥራ ሦስት ቁጥር ገባሁ፣ ቪዛዬን ይዤ ወጣሁ። እሱ ባዶ እጁን ተመለሰ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ወደ ሊኞን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከሚሊዮን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«በዚህ ሰዓት ከየት ነው?» አለኝ።

እንደ ሌባ ደነገጥኩ። «እ... ጉዳይ ነበረኝ። በዚያ በቆንስላው በኩል ሳልፍ ያ የዙሪኩ በረኛ ከውስጥ ሲወጣ አየሁት» አልኩ።

በቃ ይችው ናት። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጥያቄው ከእኔ ላይ እንዲነሣ ብዬ፣ ሃያ ደቂቃ ያልሞላው ውለታ እኪሴ ውስጥ እያለ ልጁን ሸጥኩት። ሚሊዮን ከእኔ በፊት ወረደ። ወሬው ማታውኑ ዙሪክ ደረሰ።

ለሰዉ እህቴ ጀርመን ታማለች ብዬ ሄድኩ። እናቴን በሕይወት አገኘኋት፣ እጄን ይዛ ሦስት ቀን ቆየች፣ በአራተኛው አረፈች። ቀብሬ ተመለስኩ። እህቶቼ የእኔን መምጣት ለማንም እንዳይናገሩ አስምያለሁ። ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሲነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ኮሚቴው በሙሉ ጥቁር ለብሶ ቆሟል። መርዶ ሊነግሩኝ ነው! ሞቷን ከአዲስ አበባ ሰምተዋል፣ እኔ ልጇ ገና እንዳልሰማሁ አምነዋል። አስፋ ትከሻዬን ይዞ «ጠንከር በል ይልማ» ሲለኝ፣ በገዛ እጄ አፈር ያለበስኳትን እናቴን እንደ አዲስ ልጮኽላት ግድ ሆነ። ጮኽኩ። ለቅሶው ግን የውሸት አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር የማለቅሰው። ሕብስት አጠገቤ ተቀምጣ ውኃ ታቀብለኝ ነበር፤ ዓይኗን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላነሣችም።

የፊርማው ቀን ደረሰ። በቬርኒየ የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ሃያ ሰባት ሰው ተሰብስቧል። ሙጃሂድ የጫማ ቦርሳውን ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፣ ከዙሪክ ሦስት ሰዓት ተጉዞ። በሩ በደንብ አይዘጋም፤ የምንለው ሁሉ ይሰማዋል።

አስፋ ተነሣ። «የዙሪኩን ልጅ አናስፈርምም። አንድ የታመነ ሰው ከቆንስላው ሲወጣ በዓይኑ አይቶታል።»

«ማነው የታመነው ሰው?» አለች ሕብስት።

«ስሙን መግለጽ ለደኅንነቱ...»

«የማን ደኅንነት? ይሄ በረኛ እኮ ነው፣ ኳስ ነው የሚይዘው! ልጁ የመኖሪያ ፔርሚውን ለመቀየር ፓስፖርት አምጣ ተብሎ ነው የሄደው። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ጠይቆታል?»

ማንም አልጠየቀውም። ሰዉ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከኋላ አንዱ «አንቺስ ይህን ሁሉ በምን አወቅሽ?» አለ።

ሕብስት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ይህን ስታደርግ ነገር እንደሚመጣ እናውቃለን።

«እዚያ ስለነበርኩ ነዋ፣» አለች። «እኔም ቆንስላው ነበርኩ። ስለ አባቴ ቤት ለእህቴ ለትርፌ ውክልና ልልክ ነበር። ቁጥሬ ሃያ ሁለት ነው። ሻርፔን እስከ ዓይኔ ስቤ ጥግ ተቀምጬ ነበር፣ እናንተን ፈርቼ፣ በእኔ ዕድሜ! ሙጃሂድ ቁጥሩ አሥራ ሦስት ነበር። ችግር የገጠመውን አንድ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ቁጥሩን ሰጥቶት እሱ ሳይስተናገድ ወደ ዙሪክ ተመለሰ። ልጁ ይሄ ነው። ለቆንስላ የሚሰልል ሰው ወረፋ ይይዛል እንዴ? ቁጥሩን የተቀበለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም። አፍ አለው፣ ራሱ ይጥራው።»

ሕብስት ማንንም አላየችም፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው። እኔ ከአስፋ አጠገብ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ጢሜን አልተላጨሁም። መነሣት ነበረብኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። «ወ/ሮ ሕብስት ቆንስላ እንደነበሩ በራሳቸው አንደበት አመኑ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ጻፈ፣ ይኸው እስከ ዛሬ መዝገቡ ውስጥ አለ።

በእጅ ድምፅ ተሰጠ። አሥራ ዘጠኝ አይፈርም፣ ሰባት ይፈርም። ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም የሚል ደንብ አልነበረንም፤ በዚያች ደቂቃ እኔ አወጣሁት። ሕብስት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በዚያ በማይዘጋው በር በኩል «ቃሌን አሳጠፉኝ፣ ልጄ» ስትለው ሰማሁ። እሱ የመለሰላት አልተሰማኝም።

በሳምንቱ አስፋ ሁለት ሰው ልኮ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ተቀበላት። ለጥንቃቄ ነው አሏት። ለጥንቃቄ! ካልሲ ውስጥ ምን ሚስጥር እንዳለ እንጃ። ማልያውን ሌላ ሰው በፈላ ውኃ አጥቦት አረንጓዴው ነጩ ላይ ፈሰሰ፣ ሐምሌ ላይ ጉም የለበሰ ቡድን ይዘን ወጣን። በጎሉ የፍራንክፈርቱ ሰውዬ ነበር። በሁለት ጨዋታ ዘጠኝ ገባብን። አስፋ በሽንፈቱ ማግስት የአጥቂ ችግር ነው አለ። የዙሪክ አበሾችም ሙጃሂድን አላሰለፉትም፣ ከእኛ ሰምተው። አንዳንዶቹ ባቡር ውስጥ አጠገቡ መቀመጥ ትተው ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ዘመኑ ተለወጠ ተባለ። ቆንስላው ግብዣ ባዘጋጀ ቁጥር እነዚያው አሥራ ዘጠኝ እጆች ሳምቡሳና ብርጭቆ ይዘው ፎቶ ለመነሣት ይጋፋሉ። አስፋ ከፊት ነው፣ ክራቫቱን አስሮ። አንድም ሰው ግን ሙጃሂድን ይቅርታ ልጠይቀው ብሎ ዙሪክ አልሄደም። ለሕብስት ጋሻ መስጠት ይቀላላ፣ ጋሻ ጥያቄ አይጠይቅም።

ግማሽ ገጹን እሺ ያልኩት አሥራ ሦስት ቁጥርን ልጽፍበት ነው። ከመጻፌ በፊት ደወልኩላት።

«ሕብስት፣ እውነቱን በመጽሔቱ ላውጣው ነው።»

«የቱን እውነት?»

«የወረፋውን።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ ይልማ? እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ስምንት ዓመት ስጠብቅህ ለእሱ ትነግረዋለህ ብዬ ነው። ለእሱ ሳትነግር ለመጽሔት?»

ባለፈው እሁድ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ስምንት ዓመት ሙሉ በወር አንድ እሁድ ትሄድ ኖሯል፤ አላውቅም ነበር። አፎልተርን፣ ያው ሜዳ፣ ያው ጎል። ሙጃሂድ ሠላሳ አራት ሆኖታል፣ ጸጉሩ ከፊት ሳስቷል፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆኗል። እግሩ ግን እንደ ድሮው ኳሷን ይቀድማል። እረፍት ላይ ወደ እኛ መጣ። ሕብስትን ትከሻዋን ስሞ ወደ እኔ ዞረና ጓንቱን አውልቆ እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ ይልማ። እናትዎን በሕይወት ደረሱባቸው?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ጥያቄ ይዟት ኖሯል።

«ደረስኩባት፣» አልኩት። «በአራተኛው ቀን ነው ያረፈችው። በአንተ ቁጥር ነው የደረስኩት።»

«እንኳን ደረሱ። አላህ ይማራቸው።»

«ሙጃሂድ፣ ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣» አለ። «ያን ቀን እዚያ ያነጋገርኩት እርስዎን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ያን ማታ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ለምን ዝም አልክ? በሩን ከፍተህ ይሄ ነው ብትላቸው...»

ጓንቱን መልሶ እያጠለቀ፣ «እርስዎ ሐዘን ላይ ነበሩ» አለኝ።

ዳኛው ነፋ፣ እሱም ወደ ጎሉ ተመለሰ። ሕብስት «እግርህን!» አለች። እኔ ለሜጋፎን የሚበቃ ድምፅ ያለኝ ሰው «በርታ!» ልለው አፌን ከፍቼ እንባ ቀደመኝ። በሁለተኛው ሙከራ ወጣልኝ።

ኮሚቴው ይህን ደስ በሚል መንገድ ካላገኘው አያትመው። ጋሻው ላይ ግን ከወዲሁ የሌላ ሰው ስም ያስቀርጽበት። በዓሉ የተቆረጠው እሁድ ነው፤ ሕብስት ያን እሁድ አፎልተርን ናት፣ ከጎል ጀርባ፤ እኔም እዚያው ነኝ።